ኩራዝ እንዳይሆን

በኮሌጁ መዝገብ ቤት የሞላሁት ቅጽ ላይ «ቀደም ሲል ይሠሩት የነበረ ሥራ» የሚል መስመር ነበረ። ጥቂት አሰብኩና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «የመስክ ቡና አፍይ» ብዬ ጻፍኩ። መዝጋቢዋ አንብባ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ቡና ነጋዴ ለማለት ነው?»

«አይደለም እኅቴ፣ አፍይ ነኝ። ድንኳን ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ መኪና ጥላ ሥር፤ የትም።»

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ አራት።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዕድሜ ለአንዳንዶቹ አባት ብሆንም እንደነሱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዓመታት ሙሉ ስከተለው የኖርኩት የውኃ መቆፈሪያ ማሽን አርጅቶ ሰቆጣ ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ቡድኑ ተበተነ። ማሽኑ ጡረታ ሲወጣ እኔም አብሬው ወጣሁ ማለት ነው። በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስለነበር፣ ቡና ሳፈላበት የኖርኩትን ውኃ ደግሞ ልማረው ብዬ መጣሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ንጹሕ ውኃ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም» ብለው ጻፉ። ቃል በቃል ገለበጥኩት። ምላሴ ግን አልተቀበለውም። ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ ደሃና፣ ከደሃና እስከ ሰሃላ መዳረሻ የጠጣሁት ውኃ ሁሉ ጣዕም ነበረው፤ በጣዕሙ ምክንያት አንድ መንደር ያለ ውኃ ልትቀር ምንም ያህል አልቀራትም ነበር። ከትምህርት በኋላ ተከትዬ ሄጄ ይህንኑ ለመምህሬ ነገርኳቸው። ወጣት ናቸው፤ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ይህንንማ ይጻፉልኝ» አሉ። እነሆ ጻፍኩ።

ሥራ የጀመርኩት በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ በቱቦ ተሸካሚነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቱቦ እግሬ ላይ ወደቀ። ሐኪም ዘንድ የሚወስደኝ መኪና እስኪመለስ ወጥ ቤት ድንኳን ውስጥ አስቀመጡኝ። እግሬ ሲድን ከዚያ ድንኳን አልወጣሁም። ቡና አፍይነት በእግሬ በኩል ገባብኝ እላለሁ።

የድንኳኑ አዛዥ ባሻ ደስታ የድሮ ወታደር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሱፍ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ፤ ጠዋት የመጀመሪያውን ስኒ እስኪቀምሱ ድረስ ለሰላምታ እንኳ አፋቸውን የማይከፍቱ ሰው ናቸው። ሥራ ማስተማር የጀመሩኝ ከጀበና አይደለም። ጣሳ ውኃ ሰጡኝና «ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ።

«ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም ባሻ።»

«ቀዝቃዛ ስለሆነ ነዋ። ቀዝቃዛ ውኃ ይዋሻል። አፍህ ውስጥ ያዘው፤ ለብ ሲል እውነቱን ይናገራል።»

ያዝኩት። ጉንጬ ተነፍቶ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከምላሴ ጎን አንድ ነገር ብቅ አለ።

«ምስማር ምስማር ይላል» አልኩ ውጬ።

ባሻ ደስታ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እንግዲህ አፍይ ትሆናለህ» አሉ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የኮሌጅ መግቢያ ውጤቴ ሲመጣ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ሜዳ ላይ ቡና ማፍላት ከቤት ቡና ጋር አንድ እንዳልሆነ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። በዋግ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከተረተሩ ወርዶ ይመጣል፤ ክፍት እሳት ላይ የተጣደ ጀበና አንድ ጎኑ ሲንተከተክ ሌላው ጎኑ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ባሻ እሳቱን ይቀብሩት ነበር። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ትንሽ መተንፈሻ ያወጡለታል፤ ነፋሱ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ወናፍ ይሆንልናል። ለጉልቻ የወንዝ ድንጋይ ክልክል ነው። የወንዝ ድንጋይ ውስጡ ውኃ ስለያዘ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ አንዴ ከነጀበናው ፈንድቶብን የሾፌራችን ካፖርት በአተላ ተለስኗል።

የምንቆላው ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ነው። የምንቆላበት ቀለሙ ያለቀ አሮጌ አካፋ ነበር፤ እጀታው ስላልተነቀለ ከእሳቱ ርቆ ቆሞ ለማመስ እንደሱ የሚመች አላየሁም። «ፍሬው ላብ ሲያወጣ አንሣ» ይሉኛል ባሻ። «ጨርሶ እስኪጠቁር የሚጠብቅ ሰው ከሰል ነው የሚጠጣው።» ሙቀጫችን ደግሞ የጉድጓድ ቱቦ ቁራጭ ነበር። የማሽኑ ዋና ቆፋሪ ጋሽ ታፈሰ ከታች ብረት በይዶ ዘጋልን፤ ለዘነዘና ያለቀ የመሰርሰሪያ ዘንግ ቆርጦ ሰጠን። ስንወቅጥበት እንደ ትምህርት ቤት ደወል ይጮሃል። ድምፁን ሲሰማ ሠራተኛው ሁሉ ቱቦውን ጥሎ ይመጣል፤ ኃላፊዎቹ ይህን አይወዱትም ነበር።

በየመንደሩ ሴቶች ይስቁብናል። «ሚስት አጥታችሁ ነው?» ይላሉ፤ ከዚያ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ነገር ይጨምሩና እኛ የማይገባን ሳቅ ይከተላል። ባሻ ቀና ሳይሉ፣ «አጥቼ አይደለም። የኔን ቡና ከቀመሰች ወዲያ ማፍላቱን ለኔ ትታልኝ ነው» ይላሉ። ስኒው ሲዞር ሳቁ ይቀንሳል። ሦስተኛው ሲደርስ «እስቲ ያችን አካፋ አሳዩን» የሚሉም ነበሩ።

ብቻዬን ያፈላሁት መጀመሪያ ደሃና ላይ ነው። ደሃና ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የድንኳኑ ሸራ ከብርዱ የተነሣ እንደ ሳንቃ ይደርቃል። ባሻ ታመው ተኝተው ስለነበር ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረግሁ። ቡናው በጀበናው አንገት ሲወጣ አነሣሁ፣ ጥቂት በስኒ ቀድቼ መልሼ ጨመርኩ፣ ሦስቴ ደገምኩ፤ ከዚያ ጀበናውን በሞቀ አሸዋ ላይ አዘንብዬ አስቀመጥኩ፣ አሰከንኩ። ቀመስኩት፤ የሽምብራ ቅቅል ውኃ። አፈርኩ። ባሻ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው ቀመሱና፣ «ደሃና ውኃው ቶሎ ነው የሚቆጣው» አሉ። «ተቆጣ ማለት ግን ጋለ ማለት አይደለም። ከፈላ በኋላ ፍሙ ዳር አቆየው። በቆላ አንድ የምትቆጥረውን እዚህ ሁለት ቁጠር።» ባለፈው ሳምንት ከፍታ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት እንደሚቀንስ መማሪያ መጽሐፋችን ላይ ሳነብ ከወንበሬ ልነሣ ነበር። ከጎኔ ያለችው ተማሪ «ምን ሆኑ ጋሼ?» አለችኝ። «ባሻ ደስታ እዚህ ተጽፈዋል» አልኳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ገበሬው ከድንጋይ ሥር በማሽን የወጣ ውኃ እንዲሁ አያምንም። ምንጭ ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ይኼኛው ግን ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የምርመራ ወረቀት ብናነብለት «እሺ» ይላል፤ እንስራው ግን ወደ ድሮው ምንጭ ይሄዳል። ባሻ ደስታ ለዚህ መላ አበጁ። ጉድጓዱ ተጠናቆ ውኃው ሲጠራ በዚያው ውኃ ቡና አፍልተው ሽማግሌዎችንና ሴቶችን ያጠጣሉ። ውኃ ለቡና ከሆነ ለሁሉ ይሆናል። ይህ የቡድናችን ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ያለሱ ጉድጓድ አስረክበን አናውቅም።

ከዚህ ጋር ሁለት ደንቦች ነበሩ። አንደኛው «ያልቀመስከውን አታቅምስ» የሚል ነው። ባሻ የመጀመሪያዋን ስኒ ሁልጊዜ ራሳቸው ይጠጣሉ፤ «ጥፋት ካለ እኔ ጋ ይቅር» ይላሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የመጣ ነው፤ በጾም ቀን ለአዲስ ውኃ ቡና አይፈላም። የምንቆፍረው በበጋ ነው፣ በበጋ ደግሞ ሁዳዴ አለ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም፤ ስለዚህ አፍዩ የሚያፈላውን አይቀምስም። ባሻ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይጠብቃሉ፤ በእነዚህ ቀናት ሥጋና ወተት ቢከለከልም ጠዋት መቅመስ ይቻላል። ኃላፊ ቢቆጣ፣ አገር ቢቸኩል፣ ቅዳሜን ይጠብቃሉ።

ባሻ ሥራ በቃኝ ብለው ሰቆጣ ቤታቸው በተቀመጡ በዓመቱ፣ ወደ ሰሃላ በሚወስደው መንገድ መኪና መሄድ በሚያቆምበት ጫፍ ላይ ያለች መንደር ደረስን። ድንኳኑ የኔ ሆኗል። የመንደሩ ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ከገደል ሥር ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ወርደው ፀሐይ ሲበረታ ይመለሳሉ። በዚያው ዓመት አንዲት ወጣት ከነእንስራዋ ወድቃ ጭኗ ተሰብሮ ተኝታ ነበር። አማቷ እመይ ጥሩዬ የመንደሩ ሴት ሁሉ ቃላቸውን የሚሰማላቸው ባልቴት ናቸው። ምንጩ ሲደፈርስ «ተዉት» የሚሉ፣ ሲጠራ «ቅዱ» የሚሉ እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ ታፈሰ ሦስት ሳምንት ድንጋይ ሲበሳ ቆይቶ ውኃ አገኘ። ውኃው ተስቦ እስኪጠራ ተለቀቀ፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ መሳቢያው ወጣ፣ የጉድጓዱ አፍ ተከደነ። የቀረው የእጅ ፓምፑን መትከል ነው። ኃላፊያችን ኢንጂነር ግርማ ማሽኑ ሌላ ወረዳ ይጠበቅ ስለነበር ቸኩሏል።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡናውን አጠጣቸውና ነገ እንትከል» አለኝ በጠዋቱ፣ መሳቢያው ገና ሳይወጣ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የሁዳዴ ጾም ነው...» ብዬ ጀመርኩ።

«እነሱም ይጾማሉ፤ በዘጠኝ ሰዓት አብረው ይፈታሉ። ምን ችግር አለው?»

የባሻ ደንብ በአእምሮዬ ነበር። ግን አለቃን ማስደሰት እወዳለሁ፤ ይህ የቆየ ድክመቴ ነው። «እሺ ጌታዬ» አልኩ።

የኛ የውኃ ጀሪካን መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ከመኪናው ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን አነሣሁ። ነጭ ጋዝ ተይዞበት እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚህ በአመድና በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ አሸተትኩት፤ ምንም የለውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሞተር ጭስ ሲሸተኝ ሰንብቷል፤ አፍንጫዬ ምን ይለያል? መሳቢያው ሳይወጣ ውኃውን ሞልቼ ከደንኩ። ከቀትር በኋላ እሳቱን ቀበርኩ፣ ወቀጥኩ፣ ጣድኩ። አንድ ጠብታ አልቀመስኩም።

ሰዎቹ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ። ጾማቸውን በኛ ቡና ሊፈቱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልነካው አፍ ደግሞ ሁሉንም ይለያል። የመጀመሪያውን ስኒ ለእመይ ጥሩዬ ሰጠሁ። ፉት አሉና ልክ እንደ ባሻ አፋቸው ውስጥ ያዙት። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ፣ ተፉት፣ በእግራቸው አፈር መለሱበት።

«ልጄ፣ ይህን ውኃ ያወጣችሁት ከመሬት ነው ወይስ ከኩራዝ?»

ሰው ሳቀ። ሌሎቹም ስኒያቸውን ቀመሱ፤ ከዚያ የሳቀ የለም። አንዷ «ኩራዝ፣ ኩራዝ» እያለች ለጎረቤቷ በኽምጥኛ አስረዳች። ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን አዝለው ወደ ገደሉ መንገድ ሲሄዱ ቆሜ አየሁ። ጀርባቸው እስካሁን ይታየኛል።

ኢንጂነር ግርማ ጀሪካኑ ውስጥ ከቀረው ቀመሰና ፊቱ ተለወጠ። ዞሮ ጋሽ ታፈሰን ጠራ።

«ከማሽኑ ነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ፈሷል።»

«በኔ እጅ? በኔ እጅ ነዳጅ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

ጋሽ ታፈሰ ቀመሰ። ተፋውና አፉን በእጅጌው ጠረገ። ጉድጓዱ ተከድኗል፤ በእጃችን ያለው ውኃ ያ ብቻ ነው። ኢንጂነሩ የርክክቡን ወረቀት አጠፈና «የተበከለ ጉድጓድ ተከፍቶ አይተውም። ነገ ጠዋት በሲሚንቶ ይታሸግ» አለ።

ድንኳኔ ገብቼ ጀሪካኑን ስደፋ ክዳኑ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል ሸተተኝ። ክዳኑ ውስጥ ቀጭን ጎማ አለ። ጀሪካኑን ሦስቴ ሳጥብ ክዳኑን አንዴም አላሰብኩትም። ጎማው የጠጣውን ጋዝ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ እየሞቀ ለውኃው ሲያካፍል ዋለ።

የዚህ ጽሑፍ አስቸጋሪ ቦታ ይኼ ነው። ክዳኑን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ዝም አልኩ። ራት አቀረብኩ። ጋሽ ታፈሰ አልበላም። መሰርሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጠረገ ወደ ሣጥናቸው ሲመልስ አየሁት፤ አንዱን አንሥቶ ብዙ አየውና፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሰው ያረጃል መሰለኝ» አለ። የሠራልኝ ሙቀጫ ከፊቴ ነበር። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጠዋት ሲሚንቶው ከመኪና ሲወርድ ሳይ መቆየት አልቻልኩም። ሄጄ ክዳኑን ለኢንጂነሩ ሰጠሁት።

«ይሽተቱት ጌታዬ።»

አሸተተ። ወደ ጋሽ ታፈሰ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

ጋሽ ታፈሰ ክዳኑን ከእጁ ወሰደ፣ አገላበጠው። «እኔ ሦስት ሳምንት ድንጋይ የበሳሁት ለዚች ነው?» አለና መልሶ በእጄ አስቀመጣት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አላነጋገረኝም፤ እኔም ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ።

ኢንጂነሩ ጊዜ ቆረጠ። «ዛሬ ፓምፑ ይተከላል። እስከ ነገ እኩለ ቀን ሰዎቹ ከተቀበሉ ተቀበሉ። ካልሆነ ፓምፑን ነቅለን የሚቀበለን መንደር እንወስደዋለን። አንተ ያበላሸኸውን አንተ አስተካክል።»

እመይ ጥሩዬ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ከውስጥ ጭኗ የተሰበረው ምራታቸው ስትስል ይሰማል። ቆሜ እጅ ነሣሁ።

«እመይ፣ ኩራዙ እኔ ነኝ።»

እንዝርቱን አቆሙ። ክዳኑን አሳየኋቸው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝም ማለቴንም ጭምር። አሸተቱት።

«ኩራዝስ ያበራል» አሉ። «አንተ ምን አበራህ?»

«ምንም አላበራሁም እመይ።»

«ማመንህ ደግ ነው።» ጥቂት ፈተሉ። «ነገ ቅዳሜ ነው?»

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው።»

«እንግዲያስ በኔ እንስራ ይቀዳ፣ በኔ ጀበና ይፈላ፣ ቡናውም የኔ ይሁን። የምታፈላው ግን አንተ ነህ፤ ወንድ ሲያፈላ እስቲ በደንብ ልይ። ቀድመህ ደግሞ አንተ ትጠጣለህ፣ እኛ እናይሃለን። ከወደቅህ አንጠጣም።»

ከውስጥ ምራታቸው ሳቀች።

ያን ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ፓምፑ ዙሪያ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ራሱ እጀታውን ይዞ ቀዳ፤ ወደ እኔ ግን አላየም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የዚህን ጉድጓድ ውኃ አንድም ቀን ቀምሼ እንደማላውቅ ያሰብኩት ጣሳውን ሳነሣ ነው። ኩራዙ ክዳኑ ብቻ ባይሆንስ? ውኃውን አፌ ውስጥ ያዝኩ፣ ለብ እስኪል ጠበቅሁ። መጀመሪያ ድንጋይ መጣ፤ ቀጥሎ ከምላሴ ጫፍ ትንሽ ጨው። ሌላ የለም። እንደገና ጠበቅሁ። ሌላ የለም።

እሳቱን ቀበርኩ። የእመይ ጥሩዬን ፍሬ በአካፋዬ ስቆላ ሴቶቹ በሳቅ ሊሞቱ ነበር፤ ላቡን ሲያወጣ ግን ሽታው ዝም አሰኛቸው። ቡናውን ጀበናው ውስጥ ስጨምር አንዷ ጮኸች፤

«ጨው ረሳህ!»

የዚያ አገር ሰው ቡናው ውስጥ ቁንጥር ጨው ይወዳል።

«አልረሳሁም። ውኃው ይዞ መጥቷል» አልኩ።

እመይ ጥሩዬ ቀና ብለው አዩኝ።

አሰከንኩ። የመጀመሪያውን ስኒ ቀድቼ ሁሉም እያየኝ ጠጣሁ። ቡና ነበር፤ ጥሩ ቡና። ሁለተኛውን ለእመይ ጥሩዬ ሰጠሁ። ፉት አሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያዙት። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ጊዜ አላውቅም። ዋጡ። ስኒውን እስከ ታች ጨረሱና ዘረጉልኝ።

«ድገመኝ።»

ሴቶቹ ያን ጊዜ ነው የተንጫጩት። የመጀመሪያው እንስራ ሲሞላ እመይ ጥሩዬ፣ «ውኃው ደግ ነው» ብለው ፈረዱ። «ስሙ ግን ኩራዝ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ ወደ እኔ መጥቶ ባዶ ስኒ ዘረጋ። ሞላሁለት። ጠጣና፣ «ክዳኗን አትጣላት» አለኝ። የድንኳኔ ምሰሶ ላይ ቸነከርኳት፤ ቡድኑ እስኪበተን እዚያው ነበረች።

ሰቆጣ ስመለስ ባሻ ደስታ ቤት ሄጄ ተናዘዝኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ደንቡን ያወጣሁት ብልህ ሆኜ መሰለህ?» አሉ። «እኔ በሁዳዴ ሽንኩርት በተከተፈበት ቢላ ቡና ከረጢት ቀድጄ፣ ያልቀመስኩትን አጠጥቼ፣ አንድ ጉድጓድ ሙሉ 'የሽንኩርት ውኃ' አሰኝቻለሁ። ሰው በራሱ ካልደረሰበት ደንብ አይገባውም ብዬ ምክንያቱን አልነገርኩህም። መንገር ነበረብኝ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ጉድጓድ፣ ብዙ ቡና ነበር። ስለ ደመወዙና ስለ ውሎ አበሉ የምለው የለኝም፤ ኖርንበት። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ፣ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት፣ ዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ስሄድ በመንደሯ አለፍኩ። ፓምፑ ጋ ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ የገደሉ መንገድ ሣር በቅሎበታል። እመይ ጥሩዬ ማረፋቸውን ሰማሁ። አንዲት ከሌላ አገር ተድራ የመጣች ወጣት «ደክሞዎታል፣ ግቡ» አለችኝና ቡና አፈላች።

ስኒውን ሞላች። ለኔ ከመስጠቷ በፊት ግን ራሷ አንዴ ፉት አለችና፣ ሰው ሲቀመጥ «በስመ አብ» እንደሚለው ሁሉ ሳታስበው፣ «ኩራዝ እንዳይሆን» አለች። ከዚያ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«ምን ማለት ነው እኅቴ?»

«እኔ እንጃ። እኔ ስመጣም እንዲሁ ነው የሚባለው። እዚህ ሳይቀምሱ ለሰው አይሰጥም።»

ፉት አልኩ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ማን ያውቀኛል? ግን ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ከዚሁ መንደር ተምሬአለሁ። ክዳኑን፣ ጎማውን፣ ሐሙሱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሰማችኝ። ስጨርስ ብድግ ብላ ወደ ደጅ ወጣች፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ለጎረቤቷ ስትጣራ ሰማኋት።

«ኑማ ቶሎ፣ ኩራዝ ራሱ መጥቶ ቤቴ ቡና እየጠጣ ነው።»

መጡ። በሩ እስኪሞላ መጡ። ከመሐላቸው ትንሽ እያነከሰች የገባችው ሴት የእመይ ጥሩዬ ምራት ነበረች። አየችኝ፣ ሰላም ስል ያኔ ከውስጥ ተኝታ የሰማችውን ድምፄን አወቀችው፤ ጀበናውን ከቤቱ እመቤት ተቀብላ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

«አካፋህን ይዘሃል?» አለች።